ሳያመኝ ታምሜ ይሆን?

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ የመነጨው ከአንዲት ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ያልሁት በመጠንዋ ነው እንጂ አራት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሣችኝ ስለ ሆነች ትንሽ ማለቱም አይገባኝም ነበር። በጥቅምት ወር አንድ ማታ፣ እዚህ ጎንደር ከተከራየሁት ክፍል ደጃፍ ተቀምጬ እግሬን ስታጠብ፣ በግራ እግሬ ከጉልበቴ በታች፣ ከአገዳዬ በስተውጭ ባለው ጡንቻ ላይ እጄ ያልለመደውን ነገር ነካ። የሾላ ፍሬ የምታህል እባጭ ናት። ጫን ብላት አታመኝም። አትግልም፤ ቆዳዋም አልቀላም። የመታኝ ነገርም ሆነ የወደቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ቀኝ እግሬን ዳሰስሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም።

«መቼም አያመኝም፤ ስለዚህ አልታመምሁም» አልሁና እግሬን አድርቄ ተኛሁ።

እስቲ ይህን አነጋገሬን ልብ በሉት። በቋንቋችን የሚወጋው፣ የሚቆረጥመውና የሚያቃጥለው ስሜት ሕመም ይባላል፤ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ደዌም ሕመም ይባላል። ሰው ሲተኛ «ታመመ» እንላለን፤ ልንጠይቀው ስንሄድም «ምንህን ነው የሚያምህ?» እንለዋለን። ሁለቱን ነገር በአንድ ቃል ስለ ጠራናቸው ሁለቱ አንድ ይመስሉናል። ስለዚህም «ሳያመኝ ታመምሁ» የሚል ሰው በአማርኛችን የተሳሳተ ወይም የሚቀልድ ይመስላል። በእኛ ዘንድ በሽተኛ የሚታወቀው በማቃሰቱ ነው፤ ለማያቃስት ሰው አጥሚት የሚያፈላለት የለም። እኔም ከዚያ ማታ ጀምሮ የሆንሁት ይኸው ነው፤ በሽተኛ እንዳልባል አያመኝም፣ ጤነኛ እንዳልባል ደግሞ እባጭዋ አለች።

ለመሆኑ ሕመም ታማኝ መልእክተኛ ነውን? ሁልጊዜ አለመሆኑን ማንም ያውቃል። የጥርስ ሕመም ሰውን ያስጮኻል፤ በጥርስ የሚሞት ግን እምብዛም ነው። በአንጻሩ ሥጋ ደዌ ከምልክቶቹ አንዱ በገላ ላይ የሚወጣ፣ ቢነኩት የማይሰማ ንጣት ነው። በሕንድ አገር በቬሎር ብዙ ዘመን የሠራው ፖል ብራንድ የተባለ ሐኪም እንዳስረዳው፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጣቶች የሚጎዱት ሥጋው በራሱ በስብሶ ሳይሆን የመሰማት ኃይላቸው በመጥፋቱ ነው፤ እሳት ሲነካቸው አይሰማቸውም፣ ሚስማር ሲወጋቸው አያውቁም፣ በቆሰለ እግራቸው ይሄዱበታል። በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርትም ለእነዚህ ሕሙማን ሲደክም የኖረ ቦታ ነው። የቲቢም ነገር እንደዚሁ ነው። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ የሚመስለን ብዙ ነን፤ ነገር ግን የአከርካሪ አጥንትን ሲይዝ መግሉ በወገብ ጡንቻ ሽፋን ውስጥ ለውስጥ ወርዶ በብሽሽት ወይም በጭን ላይ እባጭ ሆኖ ብቅ ሊል ይችላል። እንደ ብጉንጅ አይግልም፣ አይቀላም። ሐኪሞች ስለዚህ ቀዝቃዛ መግል ይሉታል።

በእኛው ከተማ ታሪክም ዝም ስለሚል ደዌ የሚነገር ነገር አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ከተማዋ በፈንጣጣ ተይዛ ነበርና፣ በትምህርት ሐኪም ባይሆንም በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የታመሙትን አስታምሟል። ይኸው ሰው ከአገራችን ወጥቶ በስናር በኩል አድርጎ በ1773 ካይሮ ከደረሰ በኋላ፣ ከገዛ እግሩ የጊኒ ዎርም የሚባለው እንደ ክር የቀጠነ ትል ብቅ አለበት። ሲስቡትም ተበጠሰና እግሩ ክፉኛ አብጦ ብዙ ተሠቃየ። ይህ ትል ከመጠጥ ውኃ ጋር ገብቶ ዓመት ያህል በሰው ሥጋ ውስጥ ያለ ድምፅ ያድጋል። እንግዲህ ብሩስ ያን ሁሉ በረሓ ሲያቋርጥ ትሉን በእግሩ ተሸክሞት ኖሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቢጠይቁት «ደኅና ነኝ» ይል ነበር፤ አልዋሸምም።

እኔ ግን ከብሩስ እለያለሁ። እርሱ ያላወቀውን ዝም አለ፤ እኔ ያወቅሁትን።

አንባቢ ሆይ፤ እባጩን የኃጢአት ምሳሌ አድርጌ ወደ ስብከት የምገባ መስሎህ ከሆነ አልገባም። እባጭ እባጭ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ሰው በገላው ላይ ያገኘውን ነገር ለቤተ ሰቡ መደበቁ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው።

ዝም ያልሁት ሐኪም ቤት ርቆብኝ አይደለም። እንደሚታወቀው ጎንደር ለሕክምና እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተው እዚሁ ነው፤ የጤና መኮንኖችና የማኅበረሰብ ነርሶች ከዚህ ተምረው ወደየአውራጃው ወጥተዋል። በ1978 ደግሞ በላይፕሲኽ ከነበረው ከካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ። በየቀኑ ወደ ትምህርቴ ስሄድ ነጭ ካፖርት የለበሱ ተማሪዎች አጠገቤ ያልፋሉ። አንዱን «ወንድሜ፣ እስቲ ይህችን እያት» ብለው ምን ነበረበት? አላልሁም።

ከመዝሙር ጥናት በኋላ ስንመለስ ለአንድ ጓደኛዬ ነገሩን በሌላ ሰው ስም አድርጌ አጫወትሁት። ጓደኛዬ ብልኅ ልጅ ነው። «ያ ሰው ዝም ቢል ትክክል ነው» አለኝ። «እባጩ ክፉ ካልሆነ ቤተ ሰቡን በከንቱ አስጨነቀ። ክፉ ከሆነ ደግሞ አባቱ በሬውን ይሸጣል፤ ወደ አዲስ አበባ ይዘውት ይወርዳሉ፤ ገንዘቡም ያልቃል፣ ልጁም ይሞታል። ከሁለት ጉዳት አንዱን ማዳን አይሻልም?»

ይህን አነጋገር በቀላሉ ልታልፉት አትችሉም። እኔ የተወለድሁት ከዳባት ወደ ላይ ገብስ በሚዘራበት ደጋ ነው፤ የአባቴ ሀብት አንድ ጥማድ በሬ ነው። ከጥማዱ አንዱ ከተሸጠ በቀረው በአንዱ አይታረስም፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጀት ነው፤ ተራ እስኪደርስም ዝናቡ ያልፋል። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ከተጀመረው ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ወዲህ ለብዙ ቤት ሸክሙ ቀሏል። ይሁን እንጂ መድኑ የአውቶቡሱን፣ የአልቤርጎውንና የአስታማሚውን እንጀራ አይከፍልም። ለረጅም ዘመን በአገራችን የነቀርሳ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደ ነበረም ሁላችን የሰማነው ነው። ስለዚህ ገበሬ «ባላውቀው ይሻለኛል» ሲል ስንፍና ነው ብዬ የምፈርድበት እኔ አይደለሁም።

ይሁን እንጂ የጓደኛዬ ሒሳብ አንድ ነገር ጎድሎበታል። በእግር ሥጋ ውስጥ የሚወጣ እባጭ ሁሉ ወይ ከንቱ ወይ ገዳይ አይደለም። ከእነዚህ እባጮች አብዛኞቹ ጉዳት የሌላቸው ናቸው፤ የስብ እባጭ አለ፣ ከምት በኋላ የረጋ ደም አለ። ሳርኮማ የሚሉት የጡንቻና የስብ ነቀርሳ በጎልማሶች ከሚታየው ነቀርሳ ሁሉ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነው፤ ጉዳት የሌላቸው እባጮች ከእርሱ መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ ይበዛሉ። ነገር ግን ይህ ነቀርሳ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም፤ የሚወደውም ቦታ ጭን ነው። እባጩ ከአበሻ ዶሮ እንቁላል ማለት ከአምስት ሳንቲሜትር ገደማ ከበለጠ፣ ወይም እያደገ ከሄደ፣ ወይም ከቆዳ ሥር ሳይሆን ወደ ውስጥ ጠልቆ ከጡንቻው ጋር ከሆነ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። በጊዜ ከተገኘ ቆርጦ በማውጣት የሚድን አለ፤ ዘግይቶ የመጣ ግን እግሩን ወይም ሕይወቱን ያጣል። የቀዝቃዛ መግሉ ቲቢም ቢሆን መድኃኒት አለው፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ስለዚህ በሬውን የሚያስሸጠው ብዙ ጊዜ ማወቁ ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት ለጭስ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም።

ስለ ማሸት አንድ ቃል ልጨምር። በሠፈራችን ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እጁን ይባርከው። ምንነቱ ያልታወቀ እባጭ ማሸት፣ መብጣት ወይም በጋለ ብረት መተኮስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የኋለኛውን ሐኪም ሥራ ያበላሻል። ጸበል የሚጠመቅም ሰው ሐኪም ማየቱ እምነቱን አይቀንስበትም፤ መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትም ከምድር የተገኘ የፈጣሪ ስጦታ እንደ ሆነ ማስተማሩን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። በአገራችን ክፉ ወሬ እንዲሁ በደረቁ አይነገርም። እናቱ አገር ቤት የሞተችበትን የከተማ ሰው «ትንሽ አሟታል» ብለን እናስነሣዋለን፤ መርዶውን ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ እንዲያረዳው እናደርጋለን። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ ሰውዬው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው። ይህንኑ ልማድ ግን ወደ በሽታ ወስደነዋል። ሐኪም ክፉ ነገር ሲያገኝ ዘመድ ወደ ጎን ይጠራል፤ በሽተኛው የማያውቅ እርሱ ብቻ ይሆናል። በልጅነቴ አንድ ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት እንዲህ ሆነው አረፉ። ልጆቻቸው «የጨጓራ ነገር ነው» ይሏቸው ነበር፤ እርሳቸውም «አዎን፣ ጨጓራ ነው» ይሉ ነበር። ማወቃቸው የታወቀው ከሞቱ በኋላ ነው፤ ለካ የመገነዣቸውን በፍታ ራሳቸው ገዝተው ከሣጥን ሥር አስቀምጠውት ኖሯል። ልጆቹ ከእርሳቸው ደበቁ፣ እርሳቸው ከልጆቹ ደበቁ፤ በመካከሉ ማን ምን እንዳለበት፣ ድንበሩ የት እንደ ሆነ ሳይነጋገሩ ቀሩ። ወንድማማቾቹ እስከ ዛሬ በዚያ ድንበር ይካሰሳሉ። ሁሉም የተዋደዱ ነበሩ እኮ።

መርዶ ቢዘገይ የሞተውን አይጎዳውም። የእባጭ ወሬ ቢዘገይ ግን የሚጎዳው ገና በሕይወት ያለውን ነው። ሁለቱን አንድ ማድረጋችን ስሕተት ይመስለኛል።

«ታዲያ ሰው ስለ ራሱ ሥጋ ያለማወቅ መብት የለውምን?» ትሉኝ ይሆናል። አለው ባይ ነኝ። ያረጀ ሰው «አትንገሩኝ፣ በሰላም ልረፍ» ቢል ማንም ሊያስገድደው አይገባም። ነገር ግን ይህ መብት የራሱ የባለቤቱ ነው፤ ሌላው ሊሰጠው አይችልም። ደግሞም የሚያስልና በአንድ ጣሪያ ሥር ከሕፃናት ጋር የሚያድር ሰው፣ ወይም ልጆች የሚጠብቁት አባት፣ ይህ መብት እንደ ሽማግሌው ሙሉ አይሆንለትም። እዚህ ላይ የማይስማማ ካለ ይጻፍልኝ፤ እኔም ገና እያሰብሁበት ነው።

በጥር ወር ጭንቀቱ ሲበዛብኝ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። «አባቴ፣ ሕመምን ከወላጅ መደበቅ ኃጢአት ነውን?» አልኋቸው። ሕግ ጠቅሰው እንዲመልሱልኝ ነበር የጠበቅሁት።

«ለማን ብለህ ነው የደበቅኸው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ለእናቴ ብዬ።»

«እርስዋ ደብቅልኝ ብላሃለች?»

መልስ አጣሁ። እናቴን እንዳላስጨንቅ ነው እያልሁ ስናገር ኖሬ፣ የሚጨነቀው ማን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ሐኪሙ የሚለውን የፈራሁት እኔ ነበርሁ። ፍርሃቴን ፍቅር ብዬ ስም አውጥቼለት፣ በእናቴ ስም ሳሳድገው ከርሜአለሁ። እናቴም ልትወስነው የሚገባትን ነገር ሳትጠየቅ ወሰንሁባት። ምናልባት በሬው ይሸጥ ትል ነበር፤ ምናልባት አይሸጥ ትል ነበር። ነገሩ የእርስዋም ነበር።

ለቅበላ አገር ቤት ወጣሁ። በእኛ ቤት ከመንገድ የመጣን ሰው እግር የምታጥበው እናቴ ናት፤ እንቢ ቢሏትም አትሰማም። ውኃውን ለብ አድርጋ አመጣችና ከፊቴ ቁጢጥ አለች።

«እምዬ፣ በግራው እግሬ ላይ አንድ ነገር አለ» አልኋት።

እጅዋ ፈልጎ አገኛት። ጫን አለች።

«ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከጥቅምት።»

እናቴ ምንም አላለችም። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ቀኝ እግሬንም እስከ መጨረሻው አጠበችና ውኃውን ልትደፋ ወጣች። በውጭ ብዙ ቆየች። ማታ ከአባቴ ጋር ሲነጋገሩ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ በሦስተኛው ቀን እኔና እርስዋ በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ወረድን።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ከዳሰሰኝ በኋላ «ተነሥተህ ቁም» አለኝ፤ ቆምሁ። «ጣቶችህን ወደ ላይ ሳብ» አለኝ፤ እባጭዋ ፈጠጥ አለች። «አሁን አልጋው ላይ ተኛ፣ እግርህን ዘና አድርገው።» እባጭዋ ጠፋች። እኔ ይህን አውቀው ነበር። ማታ ስተኛ ትጠፋለች፣ ጠዋት ስቆም ትመለሳለች። ሌት ሌት ዳንሁ እያልሁ ስደሰት፣ ጠዋት ጠዋት ተስፋ ስቆርጥ ከርሜ ነበር፤ ይህ መጥፋትዋና መመለስዋ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ነገር ነበር። ሐኪሙን ግን መንገድ የመራው ይኸው ነው። በአልትራሳውንድም አየና ነገሩን አስረዳን። ጡንቻ በቀጭን ጠንካራ ሽፋን እንደ ተጠቀለለ፣ ሽፋኑ በአንድ ቦታ ሲሳሳ ወይም ሲቀደድ ጡንቻው በዚያ ቀዳዳ ብቅ እንደሚል፣ ብዙ በሚሄዱና በሚሮጡ ሰዎች እንደሚታይ፣ ሕመም ካላመጣም ምንም እንደማያስፈልገው ነገረን። ሲያልቅ ሳቅ ብሎ «አራት ወር ይህን ተሸክመህ ነው የኖርኸው?» አለኝ። እናቴ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች።

ከበሩ ስንወጣ እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ቶሎ ደርሰን ሻይ እንድንጠጣ እቸኩል ነበር። እናቴ ግን ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ደከማት ብዬ አጠገብዋ ቆምሁ። ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ በሩ ተመለከተች።

«ልጄ፣ ካርድ የሚያወጡበት ክፍል እስከ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«ለምንሽ ነው፣ እምዬ?»

እጅዋን በነጠላዋ ውስጥ ወደ ግራ ብብትዋ አስገባችና እዚያው አቆየችው።

«ይኸም እንዳንተው አያመኝም» አለች። «ከአምና ፍልሰታ ጀምሮ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» ልላት አፌን ከፈትሁ፤ መልሼም ዘጋሁት። እጅዋን ይዤ አስነሣኋት። ካርድ ክፍሉ ገና ክፍት ነበር።